ፒየር ላቫል፣ በሰው ንብረት የተደራደረው ሰው

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ፈረንሳይኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ሥራ ላይ ነው። ቋንቋውን ከእሱ ወረስኩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ደግሞ የፈረንሳይን የፖለቲካ ታሪክ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ፤ በተለይ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለውን ዘመን። መንግሥታት በወራት ዕድሜ ይወድቃሉ። ያው ሰው ዛሬ ከሥልጣን ወርዶ ነገ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

እዚያ ንባብ ውስጥ አንድ ቁጥር ያዘኝ፤ 2,500። በጥር 1935 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮም ላይ ለጣሊያን አሳልፎ የሰጠው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር አክሲዮን ነው። አባቴ ደመወዝ የበላበት መስመር! ከዚያ ወዲህ ያንን ሚኒስትር መተው አልቻልኩም። ስሙ ፒየር ላቫል ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ላቫልን የምናውቀው ከእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጋር ሆኖ አገራችንን ለመቁረስ ባወጣው ዕቅድ ነው። ፈረንሳዮች የሚያውቁት ደግሞ በጀርመን ወረራ ዘመን ከሂትለር ጋር በመተባበሩ ነው። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹን ይዞ ቀረ። እኔ ግን የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው ስከተለው ሁለቱ አንድ ታሪክ ሆነው አገኘኋቸው። ላቫል የማይደራደሩበት ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች በር ዘግተው ቢቀመጡ የማይፈታ ችግር አይታየውም። ተቃዋሚዎቹ የፈረስ ደላላ ይሉት ነበር፤ እውነትም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

የተወለደው ሰኔ 28 ቀን 1883 ሻቴልዶን በምትባል ትንሽ መንደር፣ በመካከለኛው ፈረንሳይ ኦቨርኝ በሚባለው ተራራማ አገር ነው። አባቱ ባቲስት የእንግዳ ማረፊያና ቡና ቤት ነበረው፤ ሥጋም ይሸጣል፤ ከመንደሩ እስከ ባቡር ጣቢያው ፖስታ የማመላለስ ኮንትራትም ይዟል። ትንሹ ፒየር የፖስታውን ጋሪ እየነዳ አደገ። አባቱ ትምህርቱን እንዲያቆም ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን እምቢ አለ። የትምህርት ወጪውን ለመሸፈን በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። መጀመሪያ በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያዘ። ከዚያ ወደ ሕግ ዞረ። የመንደሩን ከንቲባ ልጅ ዣን ክሎሳን አገባ፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ጆሴ።

ፓሪስ ላይ ጠበቃ ሆኖ ሲጀምር ደንበኞቹ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች፣ አድማ መቺዎች፣ ፖሊስ የሚያሳድዳቸው አብዮተኞች ነበሩ። እሱ ራሱ ሶሻሊስት ነበር። በ1914 ከፓሪስ ሰሜናዊ ዳርቻ ተመርጦ ፓርላማ ሲገባ ገና 31 ዓመት አልሞላውም፤ ከእንደራሴዎቹ ሁሉ ወጣቱ እሱ ነበር። ያን ጊዜ ጦርነት ቢነሳ ወዲያው መታሰር አለባቸው ተብለው ፖሊስ በምስጢር ከመዘገባቸው ሰዎች አንዱም ነበር። ጦርነቱ መጣ፤ ዝርዝሩ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ላቫል በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ሰላም በድርድር ይምጣ ከሚሉት ጋር ቆመ። ይህን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ጦርነትን የሚጠላው የምር ነው። ኋላ የሠራውን ሁሉ ሳነብ እንኳ ይህን አልጠራጠርም።

በ1919 ምርጫ ተሸነፈ። ከሶሻሊስት ፓርቲውም ወጣ፤ ወደ ኮሚኒስቶቹም አልሄደም። ከዚያ በኋላ ፓርቲ የሚባል ነገር አላሰረውም። በ1923 የኦበርቪሊዬ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ ፋብሪካ የበዛበት፣ ሠራተኛ የሞላበት የፓሪስ ዳርቻ ከተማ ነው። እስከ 1944 ድረስ ያንን ወንበር አልለቀቀም። ሃያ አንድ ዓመት! ብሔራዊ መንግሥት ሲወድቅ ሲነሳ ኦበርቪሊዬ የላቫል ነበረች። ቀኙም ግራውም ጋ ወዳጅ ነበረው። ሰውን በግሉ ያገኘዋል፣ ይረዳዋል፣ ውለታውንም ይይዝለታል። ያለ ፓርቲ ለመኖር ሌላ መንገድ የለምና።

ሀብትም ያከማቸው በዚሁ ጊዜ ነው። በክፍለ ሀገር ጋዜጣ ገዛ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ገዛ። በመጨረሻም የተወለደባትን መንደር ከላይ ሆኖ የሚያየውን የሻቴልዶንን ግንብ ራሱን ገዛው። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ልጅ የግንቡ ጌታ ሆነ። ሲታይ ሁልጊዜ በነጭ ክራቫትና በሲጋራ ነው፤ የዘመኑ የካርቱን ሠዓሊዎች ያንን ክራቫት ብቻ ሥለው ማን እንደሆነ ያስታውቁ ነበር።

ሚኒስትርነቱ በ1925 ተጀመረ። የሕዝብ ሥራዎችና የፍትሕ ሚኒስቴሮችን ዞረ፣ ሴናተርም ሆነ፤ ብዙ የሚወራለት ነገር የለም። ቁም ነገሩ የሚመጣው በ1930 የሠራተኛ ሚኒስትር ሲሆን ነው። ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በእሱ ጊዜ ጸድቆ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሠራተኛው ሲታመምና ሲያረጅ የሚደገፍበት ሕግ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከዚሁ ሕግ መዋጮ ጋር በተያያዘ ትልቅ አድማ ሲመቱ አሠሪውንም ሠራተኛውንም እያነጋገረ ያስማማው እሱ ነው። ዋጋውን እዚህ ሰጥቶ እዚያ ተቀብሎ ጨረሰው። እውነቱን ለመናገር ይህንን ምዕራፍ ሳነብ አደንቀዋለሁ። ሁለቱም ባለጉዳዮች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የሚሰጠውም የሚቀበለውም እዚያው ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ላቫልን የሚያክል አልነበረም።

በጥር 1931 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ስትናጥ ፈረንሳይ ገና ወርቋን ታቅፋ የተቀመጠችበት ጊዜ ነው። ላቫል ከአረጋዊው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከአሪስቲድ ብሪያን ጋር በርሊን ሄደ፤ ከዚያ አትላንቲክን ተሻግሮ ዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ሁቨር ጋር ተነጋገረ። ታይም መጽሔት የ1931 የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው። ያው መጽሔት ከአራት ዓመት በኋላ የ1935 የዓመቱ ሰው ብሎ የመረጠው አፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛውን ምን ሊያደርጋቸው እንደነበር ማን ያውቅ ነበር?

በየካቲት 1932 መንግሥቱ ወደቀ። የተወሰነ ጊዜ ዳር ቆሞ ከቆየ በኋላ፣ በየካቲት 1934 የፓሪስ ጎዳናዎች በደም ከታጠቡ ወዲህ በተቋቋመው የአንድነት መንግሥት ውስጥ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። ጥቅምት 9 ቀን 1934 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሉዊ ባርቱ ማርሴይ ላይ ከዩጎዝላቪያው ንጉሥ አሌክሳንደር ጋር በአንድ መኪና ሳሉ በተከፈተ ጥቃት ሁለቱም ሞቱ። የባርቱን ወንበር ላቫል ወረሰ።

ባርቱ ትቶት የሄደው ዕቅድ ግልጽ ነበር። ጀርመንን በወዳጆች መክበብ፤ በምሥራቅ ሶቪየት ኅብረት፣ በደቡብ ጣሊያን። ላቫል ከሁለቱ ጣሊያንን አስቀደመ። ምክንያቱም የሞኝ ምክንያት አልነበረም። በሐምሌ 1934 የኦስትሪያ መሪ ዶልፉስ በናዚዎች ሲገደል ጦሩን ከኦስትሪያ ጋር ወደሚያዋስነው የብሬነር ድንበር ያስጠጋው ሙሶሊኒ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ጣሊያን ወዳጅ ከሆነች ደግሞ ፈረንሳይ የአልፕስ ድንበሯን የሚጠብቀውን ጦር አንስታ ወደ ራይን ማዞር ትችላለች። ለአንድ ፈረንሳዊ ሚኒስትር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ ሙሶሊኒ ይህንን በነጻ አይሰጥም። ለክፍያው የሚሆን ነገር ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ቀኖቹን ደርድራችሁ እዩልኝ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1934 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ጦር መካከል ደም ፈሰሰ። ጥር 3 ቀን 1935 ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። በዚያው ሳምንት ላቫል በባቡር ሮም ገባ። ጥር 7 ቀን ስምምነቱን ፈረመ።

ፈረንሳይ በሊቢያና በቻድ ድንበር 114,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ ለጣሊያን ለቀቀች። ከጅቡቲ ግዛት ላይ በባብ ኤል መንደብ በኩል ቁራሽ መሬትና ዱሜራ የምትባለውን ደሴት ጨመረች። የምድር ባቡሩን 2,500 አክሲዮን ሰጠች። ሙሶሊኒ በበኩሉ በቱኒዚያ የሚኖሩ ጣሊያኖች የያዙት ልዩ መብት ቀስ በቀስ እንዲቀር ተስማማ። ይህ ለሕዝብ የተነገረው ነው። ከዚህ ሌላ ምስጢራዊ ደብዳቤ ነበር። በእሱ ላይ ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ውስጥ ከምድር ባቡሩ ቀጣና በስተቀር የኢኮኖሚ ጥቅም እንደማትፈልግ ለጣሊያን አረጋገጠች።

ከዚያ የፋርኔዜ ቤተ መንግሥት ምሽት አለ። በሮም የፈረንሳይ ኤምባሲ ያለበት ትልቅ የድሮ ሕንፃ ነው። ከግብዣው በኋላ ላቫልና ሙሶሊኒ ከእንግዶቹ ነጠል ብለው ለብቻቸው ተነጋገሩ። ጸሐፊ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የለም። ሙሶሊኒ በኋላ በኢትዮጵያ ላይ እጄን ነጻ አድርጎልኛል አለ። ላቫል ደግሞ እኔ የፈቀድኩት የኢኮኖሚ ነገር ነው እንጂ ጦርነት አይደለም አለ። በደብዳቤም ተከራከሩበት። ታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል።

እኔ ላቫል ጦርነት ፈቅዶለታል ብዬ አላምንም። ፈረስ ሻጭ ፈረሱን ገዢው ምን ሊያደርገው እንደሆነ አይጠይቅም፤ ላቫልም ያደረገው ይህንን ነው። የሚያነጋግረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ በዚያ ወር ስንት ጦር ወደ ምፅዋና ሞቃዲሾ ለመጫን እንዳሰበ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። አለመጠየቁ ለድርድሩ ያስፈልገው ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላው ነው። በሰሜን ፈረንሳይ አድማ ጊዜ ሁለቱም ባለጉዳዮች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ ብያለሁ። ሮም ላይ ባለጉዳዩ አልነበረም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ናት፤ በ1923 ስትገባ የደገፈቻት ፈረንሳይ ራሷ ናት። ላቫል ለጣሊያን የከፈለው በእኛ ነው። ከኪሱ ምንም አላወጣም።

በግንቦት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተፈራረመ፤ ሞስኮ ሄዶ ስታሊንንም አገኘ። በሰኔ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ውጭ ጉዳዩንም አልለቀቀም። ፓርላማው በድንጋጌ እንዲያስተዳድር ሥልጣን ሰጠው። ፍራንኩን ላለማርከስ ሲል የመንግሥትን ወጪ በሙሉ በ10 በመቶ ቀነሰ፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ደመወዝ አብሮ ተቀነሰ። ብሬስትና ቱሎን የባሕር ኃይል ከተሞች ውስጥ ሠራተኞች ወጡ፤ ሰው ሞተ። የሠራተኛ ጠበቃ የነበረው ላቫል ለሠራተኛው ጠላት ሆኖ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት የግራ ፓርቲዎች ኅብረት የሆነው ሕዝባዊ ግንባር ምርጫ ያሸነፈበት ቁጣ በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥቅምት 3 ቀን 1935 ጣሊያን መረብን ተሻገረ። በማግስቱ ፓሪስ ውስጥ ብዙ የታወቁ ጸሐፍትና ምሁራን የፈረሙበት መግለጫ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጣሊያንን መቅጣት የምዕራቡን ሥልጣኔ ማፍረስ ነው የሚል። በዚያው ፓሪስ ግን ጋስቶን ዤዝ የሚባል የሕግ ፕሮፌሰር የኢትዮጵያን ጉዳይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ይከራከር ነበር። የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች በጩኸትና በረብሻ ትምህርት አላስተምር አሉት፤ ነገሩ የሕግ ፋኩልቲው እስኪዘጋ ደረሰ። ይህ ሰው ስሙ በእኛ ዘንድ ከላቫል እጅግ ያነሰ መታወቁ ይከነክነኛል።

የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ከማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም። ነዳጅ ቢጨመር የሙሶሊኒ መኪናዎችና አውሮፕላኖች ይቆሙ ነበር። ላቫል የነዳጅ ማዕቀቡ ጉዳይ እንዳይነሳ ነገሩን ደጋግሞ አዘገየ፤ አሁንም በድርድር እጨርሰዋለሁ ብሎ ያምን ነበርና።

ታኅሣሥ 7 ቀን ሳሙኤል ሆር ለእረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲሄድ ፓሪስ ላይ ወረደ። ደክሞታል፤ ሐኪሙ እረፍ ብሎታል። ላቫል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ጠበቀው። ሁለት ቀን ተቀመጡ። ሲነሱ የያዙት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ኢትዮጵያ ከትግራይ ምሥራቁን፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ ቦታ ለጣሊያን ትለቅቃለች። የደቡቡ ሰፊ ክፍል በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ይቀራል፤ ሥራውና ሰፈራው ግን ለጣሊያን ይሰጣል። በምላሹ ኢትዮጵያ በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ ታገኛለች። በኋላ እንደታወቀው፣ በዚያ መተላለፊያ ላይ ኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ እንዳትዘረጋ ተፈልጎ ነበር፤ የጅቡቲን መስመር እንዳይሻማ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጹን «ለግመሎች የሚሆን መተላለፊያ» ብሎ ሰየመው። እኔ በምድር ባቡር ደመወዝ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያንን አንቀጽ ሳነብ የተሰማኝን እዚህ መጻፍ ይከብደኛል።

ወረቀቱ አልተደበቀም። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት የፓሪስ ጋዜጠኞች፣ ፔርቲናክስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው በኤኮ ደ ፓሪ፣ ዠንቪዬቭ ታቡዊ ደግሞ በሌቭር፣ አፈረጡት። የእንግሊዝ ካቢኔ መጀመሪያ ተቀብሎት ነበር። ሕዝቡ ግን ተነሳ፤ የምርጫ ቃል የገቡለትን የመንግሥታት ማኅበር እንዴት ትሸጣላችሁ አለ። ሆር ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫውን ሰብሮ ወደ ለንደን ተመለሰ፤ ታኅሣሥ 18 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ዕቅዱን አልቀበልም አሉ። ሙሶሊኒም እሺ ሳይል ነገሩ ሞተ።

ላቫል ግን በሆር መንገድ አልወደቀም። በታኅሣሥ መጨረሻ ፓርላማው ፊት ቆሞ ተከራከረ። ሊዮን ብሉም ወቀሰው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ የተቃዋሚ መሪ ነውና። የከበደው የፖል ሬይኖ ንግግር ነው። ሬይኖ የቀኙ ሰው ነው። ቃል ኪዳኑን ካፈረሰችው ጣሊያንና ቃል ኪዳኑን ከምትጠብቀው እንግሊዝ መካከል መምረጥ አለብን ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ላቫል መምረጥ የማይወድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ይዤ እዘልቃለሁ ይላል። በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተረፈ። ነገር ግን የኤሪዮ ፓርቲ ራዲካሎች ከካቢኔው ሲወጡ ጥር 22 ቀን 1936 መልቀቅ ግድ ሆነበት። ውጤቱስ? ጣሊያን ከሂትለር ጎን ቆመች። መጋቢት 7 ቀን ሂትለር ራይንላንድ ሲገባ የሮም ወዳጅነት አንድም ጥቅም አልሰጠም። ግንቦት 5 ቀን ደግሞ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የተከፈለውም ሄደ፣ የተገዛውም አልመጣም።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ከሥልጣን ውጭ ቆየ። ፓርላማው አዋርዶኛል የሚል ቂም ይዞ። በ1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ ሒሳቡን አወራረደ። ሐምሌ 10 ቀን ቪሺ ከተማ ካዚኖ ውስጥ በተሰበሰበው ፓርላማ ላይ አንዱን በተስፋ፣ ሌላውን በማስፈራራት እየዞረ አሳመነ፤ 569 ድምፅ ለአረጋዊው የመጀመሪያው ዓለም ጦርነት ጀግና ለማርሻል ፔታን ሙሉ ሥልጣን ሰጠ። እምቢ ያሉት 80 ነበሩ፤ ብሉም አንዱ ነው። በጥቅምት ላቫል ሞንቷር ባቡር ጣቢያ ላይ ከሂትለር ጋር ተገናኘ። ፔታን በታኅሣሥ አባረረው፤ በሚያዝያ 1942 በጀርመኖች ግፊት የመንግሥት መሪ ሆኖ ተመለሰ።

አሁንም ያው ሥራ ነው። ጀርመን የሠለጠነ ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ላቫል ሦስት ሠራተኛ ብልክ አንድ የጦር እስረኛ ትመልሱልኛላችሁ ብሎ ተዋዋለ። ይህን ለሕዝቡ በሬዲዮ ሲነግር ሰኔ 22 ቀን «የጀርመንን ድል እመኛለሁ፤ ያለዚያ ነገ ቦልሼቪዝም በየቦታው ይሰፍራል» አለ። ፈረንሳዮች ይህንን ቃል አልረሱለትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነው ግን ከቃል ይበልጣል። ሐምሌ 16 እና 17 ቀን የፓሪስ ፖሊስ ከ13,000 የሚበልጡ አይሁዳውያንን ያዘ፤ ከ4,000 በላይ የሆኑት ሕፃናት ነበሩ። የፈረንሳይ ዜግነት ያላቸውን ለማትረፍ የውጭ ተወላጆቹን አሳልፎ መስጠት፤ የላቫል ስሌት ይህ ነበር። ጀርመኖች ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ገና አልጠየቁም፤ ከወላጆቻቸው ጋር ይሂዱ ያለው እሱ ነው። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን መሪው ፓስተር ማርክ ቤኘር ሊለምነው ሄደ። ላቫል ሰዎቹ ፖላንድ ውስጥ እርሻ ላይ እንደሚሰማሩ ነገረው። ፓስተሩ በኋላ ሲናገር «እኔ ስለ እልቂት አወራዋለሁ፣ እሱ ስለ አትክልት ሥራ ይመልስልኛል» ብሏል።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ወልወልን የሚያህል ደም እያየ ሮም የሄደው ሰውና ይህ ሰው ልዩነት የላቸውም። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጠ ሰው ለላቫል ሰው አልነበረም፤ መክፈያ ነበር። በ1935 መክፈያው እኛ ነበርን። በ1942 ከፖላንድና ከሌላም አገር ሸሽተው ፓሪስ የተጠለሉ ልብስ ሰፊዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ፍጻሜውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1944 ጀርመኖች ይዘውት ሸሹ። በግንቦት 1945 ወደ ባርሴሎና በአውሮፕላን አመለጠ፤ ስፔን ግን አላስጠለለችውም። ፓሪስ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ችሎቱ አሳፋሪ ነበር፤ ለዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ይሰድቡት ነበር። እሱም ከዚህ በኋላ አልቀርብም ብሎ ቀረ። ጠላቶቹ እንኳ በዚያ ችሎት አፍረዋል፤ እኔም ሰውየው በደንብ ተጠይቆ በደንብ ቢመልስ እወድ ነበር። በእስር ቤት ሆኖ ለክሱ መልስ ጽፏል፤ የሮምን ስምምነት እስከ መጨረሻው ትክክል ነበር ብሎ ተከራክሮበታል። ጥቅምት 15 ቀን 1945 ጠዋት ሊገድሉት ሲመጡ መርዝ ጠጣ። መርዙ አርጅቶ ነበር። ሐኪሞች ሆዱን አጥበው አስነሱት፤ ነጭ ክራቫቱን አስሮ ፍሬን እስር ቤት ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ልጁ ጆሴና ባሏ ቀሪ ዕድሜያቸውን ስሙን ለማደስ ሲጥሩ ኖሩ።

ሮም ላይ የተፈረመው ወረቀት ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። የመሬቱ ስምምነት የማጽደቂያ ሰነዱ ሳይለዋወጥ ቀርቶ፣ በ1938 ጣሊያን ራሷ አይሠራም አለችው። ያም ሆኖ ከቻድ ላይ የተቆረሰው በረሃ፣ አውዙ የሚባለው፣ ካርታ ላይ ቀረ። ሊቢያ ነጻ አገር ከሆነች በኋላ የይገባኛል ጥያቄዋን ስታነሳ ያንን የላቫልና የሙሶሊኒ ስምምነት ትጠቅስ ነበር። በ1973 ጦሯን አስገባች። ቻዶች በ1987 ቶዮታ መኪና ላይ መትረየስ ጭነው እስኪዋጉ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ነገሩ ሄግ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደረሰ። የካቲት 3 ቀን 1994 መሬቱ የቻድ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ በግንቦት የሊቢያ ወታደሮች ለቀው ወጡ። ቻዶችም በ1935 ያንን በረሃ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።